ቦግ ያለውም፣ ሳይበራ የቀረውም ምስክር ነው
ስለ ብሌዛሮች ምርምር ለወጣ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ብሌዛሮች ምርምር የወጣ አንድ የትችት ጽሑፍ ሰው ሲቀባበለው ሰነበተ። ለእኔም በአንድ ቀን ሦስት ወዳጆች ላኩልኝ፤ አንዱማ «ይኼ ያንተ ጉዳይ አይደል? ዝም ልትል ነው?» የሚል መልእክት አክሎበታል። እውነቱን ለመናገር ዝም ማለት አስቤ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው ግን ጸሐፊው የዋዛ ሰው አለመሆናቸውን አየሁ፤ አንብበዋል፣ አስበዋል፣ አማርኛቸውም ያምራል። እንዲህ ያለ ሰው ሲሳሳት ብዙ አንባቢ አስከትሎ ነውና መልስ ይገባቸዋል አልኩ።

ጽሑፉን ላላየ ባጭሩ ልንገረው። ብሌዛር የምንለው እምብርቱ ላይ ከፀሐይ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮኖች እጥፍ የሚከብድ ጥቁር ጉድጓድ የያዘ ጋላክሲ ነው። ከጉድጓዱ አፍ አካባቢ የቅንጣቶች ጅረት በብርሃን ፍጥነት አቅራቢያ ይወረወራል፤ ይህን ጅረት ጄት ይሉታል። ጄቱ ወደ እኛ አቅጣጫ ስለዞረ ብርሃኑ እጅግ ይጎላል፤ በየጊዜውም ቦግ ይላል፣ ተመልሶ ይደበዝዛል። ይህን ቦግ እልም በሬዲዮ፣ በታኅታይ ቀይ፣ በዓይን በሚታይ ብርሃን፣ በራጅ እና በጋማ ጨረር ባንድነት የሚከታተሉ መሣሪያዎች በምድርም በሕዋም አሉ። ጸሐፊው ይህ ሁሉ ድግግሞሽ ነው፣ ለሩቅ ነገር መቸኮል ነው፣ ለእኛ ደግሞ ጭራሽ የማይመለከተን ነው ይላሉ። በየነጥባቸው እሄዳለሁ። እውነት ያላቸው ቦታ ላይ ስደርስም እመሰክርላቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ነጥባቸው «ሃያ መሣሪያ ከማቆም አንድ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ሠርቶ ሁሉን በእሱ ማየት» የሚል ነው። ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ብዬ ላልፈው እችል ነበር፤ ግን ነገሩ የብርታት አይደለም፣ የብርሃን ጠባይ ነው። ለሚታይ ብርሃን የተወለወለ መስታወት ላይ ራጅ ፊት ለፊት ቢወድቅ አይነጥርም፤ ሰርጎ ይገባል ወይም ይዋጣል። ስለዚህ የራጅ ቴሌስኮፕ መስታወቶች ጨረሩ በጣም በተጋደመ ማዕዘን እየታከካቸው እንዲያልፍ ተደርገው ይሠራሉ፤ ሐይቅ ዳር ያለ ልጅ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተኝቶ በውኃው ላይ እንደሚያስነጥረው ማለት ነው። ጋማ ጨረር ደግሞ መስታወት የሚባል ነገር አያውቅም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 11 ቀን 2008 የመጠቀችው ፈርሚ ሳተላይት ዋና መሣሪያዋ የተንግስተን ንጣፎችና የሲሊከን መመርመሪያዎች ድርድር ነው። ጋማው ተንግስተኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮንና ፖዚትሮን ሆኖ ይከፈላል፤ ጨረሩ ከየት እንደመጣ የሚሰላው የሁለቱን ዱካ ተከትሎ ነው።

በዚህ ምክንያት የፈርሚ ዓይን ደብዛዛ ነው። በዝቅተኛው የኃይል ጫፏ የአንድ ጨረር አቅጣጫ እስከ 5 ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ሙሉ ጨረቃ ግማሽ ዲግሪ ናት። በአንጻሩ ከሃዋይ እስከ ካሪቢያን በተበተኑ 10 አንቴናዎች የሚሠራው ቪኤልቢኤ የተባለው የሬዲዮ መረብ ከአንድ ሚሊዮንኛ ዲግሪ ያነሰ ዝርዝር ይለያል። ታዲያ ቪኤልቢኤ ይበልጣል ማለት ነው? አይደለም። ፈርሚ ሰማዩን በሙሉ በ3 ሰዓት ገደማ ትቃኘዋለች፤ ቪኤልቢኤ ግን የሚያየው አንዲት ነጥብ ነው፤ ወዴት እንደሚያይ ሌላ ሰው ሊነግረው ይገባል። ጸሐፊው «ድግግሞሽ» ያሉት ይህን መጠራራት ነው።

ሁለተኛው ነጥብ ጽሑፉን በሙሉ የተሸከመው ምሰሶ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እቆይበታለሁ። «አንድ ቦግታ አንድ ክስተት ነው፤ በጋማ ካየነው በራጅና በሬዲዮ የምናየው የዚያው ግልባጭ ነው» ይላሉ።

ግልባጭ ቢሆን ኖሮ እኔም ከጎናቸው በቆምኩ። የብሌዛር ብርሃን በኃይል ደረጃ ተዘርግቶ ሲሳል ሁለት ጉብታ ይታይበታል። የመጀመሪያው ከሬዲዮ ተነሥቶ እስከ አልትራቫዮሌት፣ በአንዳንዶቹም እስከ ራጅ ይደርሳል። ይህ በጄቱ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ የሚጠማዘዙ ፈጣን ኤሌክትሮኖች የሚተፉት ብርሃን መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ሁለተኛው ጉብታ እስከ ጋማ ጨረር ጫፍ ይወጣል። እዚያ ያለ አንድ የቴራ ኤሌክትሮንቮልት ፎቶን ከአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን 400 ቢሊዮን እጥፍ ገደማ ኃይል አለው። ይህን ማን ሠራው? ነው ክርክሩ። አንዱ ወገን እነዚያው ኤሌክትሮኖች በአካባቢያቸው ያለውን ብርሃን እየገጩ ኃይላቸውን ያሸክሙታል ይላል። ሌላው ወገን የለም፣ ፕሮቶኖችም እጃቸው አለበት ይላል።

ሁለቱን ወገኖች በአንድ መሣሪያ መለየት አይቻልም። ኤሌክትሮኖቹ ብቻ ከሆኑ ራጅና ጋማው አብረው መነሣት፣ አብረው መውደቅ አለባቸው፤ የአንድ አባት ልጆች ናቸውና። ማርካሪያን 421 ላይ ይህ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ጋላክሲ 400 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቀናል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 አሪዞና በሚገኘው የዊፕል ቴሌስኮፕ ከእኛ ጋላክሲ ውጭ በቴራ ኤሌክትሮንቮልት ጋማ የታየ የመጀመሪያው ነው። እስከዚህ ድረስ የጸሐፊው «ግልባጭ» ያስኬዳል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. የ2002 ግንቦትና ሰኔ መጡ። 1ኢኤስ 1959+650 የተባለው ብሌዛር መጀመሪያ በራጅም በጋማም አብሮ ቦግ አለ። ቀናት ቆይቶ ጋማው ዳግመኛ ሲነሣ ግን ራጁ ንቅንቅ አላለም። ተመራማሪዎቹ «የሙት ልጅ» የሚል ስም ሰጡት፤ ወላጁ ያልታወቀ ቦግታ ማለታቸው ነው። አሁን አስቡት። የጋማ ቴሌስኮፕ ብቻ ቢኖር ኖሮ ይህ ሌላ ተራ ቦግታ ነው፤ ተመዝግቦ ይረሳል። የራጅ ሳተላይት ብቻ ቢኖር ጭራሽ ምንም አልሆነም። ችግሩን ያየነው ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ስለነበሩና አንደኛው ምንም ስላላየ ነው። ሳይበራ የቀረ ነገር ማስረጃ የሚሆነው እያየኸው ሳለ ሳይበራ ከቀረ ብቻ ነው። ማንም ሳያይ ሳይበራ የቀረ ነገርማ ከመዝገብ ላይ እንዳለ ባዶ መስመር ነው፤ የፈለግኸውን ብትጽፍበት የሚከለክልህ የለም።

ሬዲዮውም እንዲሁ ግልባጭ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦውንስ ቫሊ የሚገኝ ባለ 40 ሜትር የሬዲዮ ሳህን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ፣ በኋላም 1800 ገደማ የደረሱ ብሌዛሮችን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል ይለካል። ማርካሪያን 421 ላይ የሬዲዮው ቦግታ ከጋማው በ40 ቀን ገደማ ዘግይቶ ተገኘ። የጄቱ ሥር ለሬዲዮ ሞገድ ጭጋግ ነው፤ በጄቱ ውስጥ የሚጓዘው የቅንጣቶች ቋጠሮ ከጭጋጉ ወጥቶ እስኪታይ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ መዘግየቱ ራሱ ሜትር ነው፤ ጋማው ከጄቱ ሥር ምን ያህል ርቆ እንደተወለደ ይለካበታል። ግልባጩ ከዋናው 40 ቀን ዘግይቶ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ መንገዱን መጠየቅ የማን ሥራ ሊሆን ነው?

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የሚጠቅማቸውን ቁጥር ራሴ ልስጣቸው፤ እሳቸው አልጠቀሱትም። በዚያው የኦውንስ ቫሊ ጥናት በደንብ ከተፈተሹት 41 ብሌዛሮች መካከል በሬዲዮና በጋማ መካከል ትርጉም ያለው ዝምድና ያሳዩት 3 ብቻ ናቸው፤ የእነዚያም ማስረጃ እንደ ብረት የጠነከረ አይደለም። ይህ እኛን የሚያዋርድ ይመስላል። ግን «ሁሉም ግልባጭ ነው» የሚለውን ክርክር ከዚህ በላይ የሚያፈርስ ነገር አላገኘሁም። ግልባጭ ቢሆኑ 41ዱም በተዛመዱ ነበር።

አዲስ ነገርም ልጨምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የመጠቀችው አይኤክስፒኢ ሳተላይት የራጅን ፖላራይዜሽን ትለካለች፤ የብርሃኑ ሞገድ በየትኛው አቅጣጫ እንደሚወዛወዝና ምን ያህሉ በአንድ አቅጣጫ እንደተሰለፈ ማለት ነው። ማርካሪያን 501 የተባለው ብሌዛር ላይ የራጁ ፖላራይዜሽን 10 በመቶ ገደማ ሆነ፤ በዚያው ጊዜ በሚታይ ብርሃን የተለካው የዚያ ግማሽ ያህል ነበር። ራጁን የሚተፉት ኤሌክትሮኖች ኃይል ባገኙበት ስፍራ አቅራቢያ፣ ማግኔታዊ መስኩ ገና በተሰለፈበት ቦታ ናቸው። ወደ ታች እየፈሰሱ ኃይላቸው ሲቀንስ በሚታይ ብርሃን ያበራሉ፤ እዚያ መስኩ ተደበላልቋል። የጄቱ ውስጥ ግጭት፣ ሾክ የሚሉት፣ ቅንጣቶቹን እንደሚያፈጥን የታወቀው ከዚህ ልዩነት ነው። ሁለቱን ቁጥር ለየብቻ ብታስቀምጧቸው አንዳቸውም ይህን አይናገሩም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልሂድ። «ብርሃኑ ቢሊዮን ዓመት ተጉዞ የመጣ ነው፤ ታዲያ ሌሊት ከእንቅልፍ ተነሥቶ መሯሯጥ ምን ይባላል?» ሳነበው ሳቅኩ፤ እናቴም በዚህ ቃል ባይሆን ይህንኑ ጠይቃኝ ታውቃለች። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክስተቱ ጥንታዊ ነው፤ ብርሃኑ ግን በእኛ ደጃፍ የሚያልፈው አንድ ጊዜ ነው። አልፎ ከሄደ በኋላ የሚያስመልሰው የለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነው።

ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልፍ እንይ። ናሚቢያ ውስጥ በኮማስ ደጋ ላይ የቆሙት የሄስ ቴሌስኮፖች እ.ኤ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2006 ፒኬኤስ 2155-304 የተባለውን ብሌዛር ሲመለከቱ የጋማው ጉልበት በ3 ደቂቃ ገደማ ውስጥ ይለዋወጥ ነበር። 3ሲ 279 የተባለው ብሌዛር ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2015 ሲፈነዳ፣ ፈርሚ ከወትሮ ዙሯ ተነሥታ ወደ እሱ እንድታፈጥ በመደረጉ፣ ብርሃኑ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ እጥፍ ሲሆን ታየ። 5 ደቂቃ በብርሃን ፍጥነት 90 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው፤ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው እንኳ 150 ሚሊዮን ነው። አንድ ነገር ብርሃን ከዳር እስከ ዳሩ ከሚሻገርበት ጊዜ ፈጥኖ ባንድነት ሊለዋወጥ አይችልም። በዚያ ጋላክሲ ውስጥ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ግን 500 ሚሊዮን ፀሐይ ቢመዝን እንኳ ከመሐሉ እስከ ጠርዙ 1.5 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ ከእናቱ ማኅፀን የሚያንስ ብቻ ሳይሆን ከአውራ ጣቷም የሚያንስ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ጄቱ ወደ እኛ ስለሚሮጥ ጊዜውን ያሳጥረዋል፤ ያን ማስተካከያ ብናደርግም ሒሳቡ በቀላሉ አይታረቅም፤ የጄቱን ፍጥነት እጅግ ማናር ይጠይቃል። ይህ ገና ያልተዘጋ መዝገብ ነው። የከፈተው በዚያች ሌሊት ዝግጁ ሆኖ መገኘት ነው።

የመቸኮልን ትርጉም ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ግን እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 2017 የሆነው ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 12 ቀን 2010። ደቡብ ዋልታ በረዶ ውስጥ፣ ከ1450 እስከ 2450 ሜትር ጥልቀት፣ 5160 የብርሃን መመርመሪያዎች ተቀብረዋል፤ አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በረዶ ይቃኛሉ። ስሙ አይስኪውብ ነው። የሚጠብቀው ኒውትሪኖን ነው፤ የኤሌክትሪክ ሙል የሌለው፣ በግድግዳም በተራራም ውስጥ ሹልክ ብሎ የሚያልፍ ቅንጣት። በጄት ውስጥ እንዲህ ያለ ብርቱ ኒውትሪኖ እንዲወለድ ፕሮቶኖች ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ ከብሌዛር ከመጣ የፕሮቶኖቹ ምስክር ነው። በዚያ ቀን 290 ቴራ ኤሌክትሮንቮልት ኃይል እንዳለው የተገመተ አንድ ኒውትሪኖ ዱካ ጥሎ አለፈ። ማንቂያው በ43 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ዓለም ተላከ።

ቴሌስኮፖች ዞሩ። ናሚቢያ ያለው ሄስ በሰዓታት ውስጥ አየ፤ ምንም የለም። ሌሎችም አዩ፤ ምንም የለም። ጸሐፊው በዚያ ሰዓት ቢጠየቁ «አላልኩም?» ይሉ ነበር። ከ6 ቀን በኋላ ግን የፈርሚ ሰዎች ኒውትሪኖው ከመጣበት አቅጣጫ ያለው ቲኤክስኤስ 0506+056 የተባለው ብሌዛር ከወራት ወዲህ በጋማ ቦግ ብሎ እንደሰነበተ አስታወቁ። ካናሪ ደሴቶች ላይ ያለው ማጂክ የተባለው የጋማ ቴሌስኮፕ ጨክኖ ለሰዓታት ተከታትሎ እስከ 400 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት የሚደርስ ጋማ አገኘ። እስከዚያ ቀን ግን የጋላክሲው ርቀት እንኳ በውል አይታወቅም ነበር። የደመቀው ጄት የጋላክሲውን የከዋክብት ብርሃን ስለሚሸፍነው ነው። ከካናሪ ደሴቶች አንዷ በሆነችው ላ ፓልማ ላይ ያለው ባለ 10.4 ሜትር መስታወት ከብዙ ሰዓት ምልከታ በኋላ በጣም የደከሙ መስመሮችን ለይቶ፣ ብርሃኑ ወደ ቀይ የተለጠጠበትን መጠን 0.3365 ብሎ ለካው። በዚህም ጋላክሲው በቢሊዮኖች በሚቆጠር የብርሃን ዓመት እንደሚርቅ ታወቀ። ርቀት ሳይታወቅ ጉልበት አይሰላም፤ ጉልበት ሳይሰላ ስለ ፕሮቶን ማውራት ወግ ብቻ ነው።

ይህን ታሪክ የሚጠቅሱ አንዳንድ ዘገባዎች የኮስሚክ ጨረር፣ ማለትም ከሕዋ የሚወርዱት ፈጣን ቅንጣቶች፣ ምንጭ ተፈታ ብለው ጮኸው ነበር። ጸሐፊው በዚህ ላይ ያነሡት ወቀሳ ተገቢ ነው፤ እኔም አብሬያቸው እወቅሳለሁ። የግጥጥሞሹ ጥንካሬ 3 ሲግማ ገደማ ነበር (ሲግማ ነገሩ ተራ አጋጣሚ አለመሆኑ የሚመዘንበት ልኬት ነው)፤ በዚህ ሙያ ግኝት ለማለት 5 ይጠየቃል። ከዚያ የመጣው ደግሞ ይበልጥ ግራ ያጋባል። የአይስኪውብ ሰዎች የቆየ መዝገባቸውን ሲያገላብጡ ከዚያው አቅጣጫ እ.ኤ.አ. ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 መጀመሪያ 13 ገደማ ትርፍ ኒውትሪኖዎች መጥተው አገኙ። በዚያ ጊዜ የፈርሚ መዝገብ ምን ይላል? ጋላክሲው ዝም ብሎ ነበር። በ2017 ጋማ ነበረ፣ ኒውትሪኖ አንድ ብቻ። በ2014 ኒውትሪኖ በዛ፣ ጋማ የለም። ያን ዝምታ የምናውቀው ፈርሚ ማንም ሳያዛት፣ ከዚያ ምን ጥቅም እንደሚገኝ ሳይታወቅ፣ በየ3 ሰዓቱ ስታየው ስለነበረች ነው። «አላስፈላጊ ድግግሞሽ» የተባለው ልማድ ባይኖር የ2014ቱን ዝምታ ዛሬ በምን ገንዘብ እንገዛዋለን?

አራተኛው ነጥብ ትንሽ አናደደኝ። ጸሐፊው «የጄቱ ቋጠሮዎች ከብርሃን ፈጥነው ይሄዳሉ እያሉ በዚያው አፋቸው አንስታይንን ይጠቅሳሉ» ብለው ያፌዛሉ። እስቲ ወረቀትና እርሳስ ይዘን እናስላው። አንድ ቋጠሮ በብርሃን ፍጥነት 99 በመቶ ወደ እኛ ይመጣል፤ ከእይታ መስመራችን 8 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሏል። ዛሬ አንድ ብልጭታ ላከ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ሁለተኛ ላከ። በመካከሉ የመጀመሪያው ብልጭታ 10 የብርሃን ዓመት ተጉዟል፤ ቋጠሮው ራሱም 9.8 የብርሃን ዓመት ወደ እኛ ቀርቧል። ስለዚህ ሁለተኛው ብልጭታ ከመጀመሪያው የሚዘገየው 0.2 ዓመት፣ ማለትም 72 ቀን ያህል ብቻ ነው። በጎን በኩል ግን ቋጠሮው 1.4 የብርሃን ዓመት ገደማ ፈቀቅ ብሏል። በ72 ቀን ይህን ያህል ሲሄድ ያየ ሰው «የብርሃን 7 እጥፍ!» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ማንም ብርሃንን አልቀደመም። ማርቲን ሪስ ይህ ሊታይ እንደሚችል የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፤ የሬዲዮ ታዛቢዎች 3ሲ 279 ላይ ያዩት ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ከአንስታይን ጋር የተጣላ ሳይሆን ከአንስታይን ሕግ የተገኘ ውጤት ነው።

«ጋማ ጨረር አየር አያሳልፈውም፤ ታዲያ ከመሬት አየን የሚሉት ምኑን ነው?» ለሚለው አጭር መልስ አለ። የሚያዩት ጋማውን ሳይሆን ጋማው አየሩን ሲመታ የሚፈጠሩት ቅንጣቶች የሚረጩትን ሰማያዊ ብልጭታ ነው፤ ቼሬንኮቭ ይባላል፤ የቢሊዮንኛ ሴኮንድ ጥቂት እጥፍ ብቻ ይቆያል። አየሩ ራሱ የመሣሪያው አካል ነው። አለቀ።

አሁን ወደሚያምሩበት ነጥብ መጣሁ፤ ስለ ኦጄ 287። በዚህ ጋላክሲ ውስጥ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ይዞራሉ፣ ትንሹ በትልቁ ዙሪያ የሚሽከረከረውን የጋዝ ዲስክ በ12 ዓመት ሁለት ጊዜ እየበሳ ቦግታ ይፈጥራል የሚል አምሳያ አለ። የድሮ የፎቶ ሳህኖች ላይ ያለው መዝገቡ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ይጀምራል። አምሳያው እ.ኤ.አ. ለ2022 ጥቅምት አንድ ትልቅ ቦግታ ተንብዮ ነበር፤ በቅርብ ሲከታተሉት የነበሩት ግን አላዩትም። ጸሐፊው ይህን አንሥተው «ትንቢታቸው ከሸፈ» ይላሉ። ልክ ናቸው፤ እንደተጠበቀው አልመጣም። የአምሳያው ደጋፊዎች ቦግታው ጋላክሲው ከፀሐይ አጠገብ ተደብቆ በነበረበት ወቅት አልፏል ብለው ይከራከራሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ግን ጸሐፊው ግማሹን ታሪክ ትተውታል። እ.ኤ.አ. ለሐምሌ 31 ቀን 2019 የተተነበየውም ቦግታ የመጣው ጋላክሲው ከምድር ሲታይ በፀሐይ ተሸፍኖ ሳለ ነው። ስፒትዘር የተባለችው የታኅታይ ቀይ ሳተላይት ግን ከምድር ርቃ ስለምትዞር ከሷ ቦታ ይታይ ነበር፤ ቦግታው ከተነገረለት ሰዓት ብዙም ሳይርቅ፣ በ4 ሰዓት ውስጥ፣ ደረሰ። ስፒትዘር ከስድስት ወር በኋላ በጥር 2020 ተዘጋች። አንድ ጊዜ ሠምሮ አንድ ጊዜ ያልሠመረ ትንቢት የሚያከራክረው ሁለቱም ጊዜ የሚያይ ስለነበረ ነው። የትልቁ ጉድጓድ ክብደት 18 ቢሊዮን ፀሐይ ነው ወይስ 100 ሚሊዮን? ሁለቱም ቁጥር ዛሬ ጠበቃ አለው፤ 180 እጥፍ ልዩነት! ራጅና አልትራቫዮሌትን በስዊፍት ሳተላይት ባይከታተሉት ኖሮ ግን 18 ቢሊዮኑ ያለተከራካሪ ይኖር ነበር።

በመጨረሻ «እኛ ምን ቤት ነን?» ይላሉ ጸሐፊው። ይህ ጥያቄ ከድህነት ስለሚነሣ አላፌዝበትም። የእንጦጦ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች 3200 ሜትር ገደማ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን የአዲስ አበባ መብራት አለ፣ ክረምቱም ለወራት ሰማዩን ይዘጋል። በላሊበላ አካባቢ ተራሮች ላይ የተሻለ ቦታ ሲጠና የቆየው ለዚሁ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ።

ሆኖም ሦስት ነገር ዘንግተዋል። አንደኛ፣ ፈርሚ ያየችው ከሰማይ ከወረደ ብዙም ሳይቆይ ለማንም ክፍት ነው። እኔ ራሴ የመጀመሪያዬን የብሌዛር መዝገብ ያወረድኩት በርካሽ የሌሊት ፓኬጅ ነው፤ ከለሊቱ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ከመጀመሪያው እንደገና ማውረዴን አልረሳውም፤ ግን ወረደ። ሁለተኛ፣ ስዊፍት አንድ ነገር እንድታይለት ማንም ተመራማሪ ከየትም አገር ማመልከት ይችላል፤ ክፍያ የለውም። ሦስተኛ፣ ለዚህ ሥራ ትልቅ መስታወት ሁልጊዜ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ብሌዛሮችን በመቀባበል የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ኅብረት ውስጥ ትናንሽ ቴሌስኮፖች፣ የአማተሮችም ጭምር፣ ይሳተፋሉ። 3ሲ 273 የተባለውን ብሌዛር ባለ 20 ሴንቲ ሜትር የጓሮ ቴሌስኮፕ ያሳየዋል።

መቀባበሉ ላይ ደግሞ ቦታችን ራሱ ይቆጠራል። ቴሌስኮፖች ባሉበት በህንዱ ሀንሌ ላይ ከጨለመ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ በኋላ እንጦጦ ላይ ይጨልማል፤ ከዚያ አንድ ሰዓት ተኩል ቆይቶ ናሚቢያ፣ ከዚያም ካናሪ ደሴቶች። በደቂቃዎች የሚለዋወጥ ነገር የሚከታተል ሰው ይህን ሰንሰለት ሲያይ መካከሉ ላይ ያለውን ክፍተት ያውቀዋል። 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ መቀመጣችንም የሰሜኑን ማርካሪያን 421ና የደቡቡን ፒኬኤስ 2155-304 ከአንድ ጣሪያ ያሳየናል፤ አሪዞናም ናሚቢያም ሁለቱን እኩል አያገኟቸውም።

ቲኤክስኤስ 0506+056 ደግሞ በእንጦጦ አናት ላይ ነው የሚያልፈው፤ ከቀጥታው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ፈቀቅ ብሎ። ጸሐፊው በኅዳር መጨረሻ እኩለ ሌሊት ላይ ጥርት ያለ ሰማይ ካገኙ ቀና ይበሉ። የኦሪዮንን ምዕራባዊ ትከሻ፣ ቤላትሪክስ የምትባለዋን ኮከብ፣ ይፈልጉ። ከዚያ ክንዳቸውን ዘርግተው የሁለት ጣት ስፋት ወደ ምዕራብ ይሂዱ። በዓይን ምንም አያዩም፤ ጋላክሲው ግን እዚያ ነው።